ከአገር አማካይ ጋር እኩል መሆን ጤና ነው? የቢኤምአይ ቁጥራችሁን ከማን ጋር ታስተያያላችሁ?

የዳሞት መምህር (ፍኖተ ሰላም)

ሰላም ለሁላችሁ። በትምህርት ቤታችን የመምህራን ማረፊያ ክፍል ሰሞኑን የተነሣ ክርክር አልበርድ ብሏል። ቁመትንና ክብደትን ተቀብለው ቢኤምአይ (ክብደት ከቁመት ጋር መመጣጠኑን የሚያሳይ ቁጥር) የሚያሰሉ ድረ ገጾች አሉ። ውጤቱን ሰጥተው ዝም አይሉም፤ መጀመሪያ ከአገርህ ሰው ጋር፣ ቀጥሎ ከዓለም ሕዝብ ጋር ያስተያዩሃል። "ከኢትዮጵያ አማካይ በላይ፣ ከዓለም አማካይ በታች" የሚል ፍርድ ይመጣል። ከባልደረቦቼ አንዳንዱ ተደሰተ፣ አንዳንዱ ደነገጠ፣ አንዱ ጭራሽ እራት መተው ጀመረ። እኔ ሒሳብ አስተምራለሁ። አማካይ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር በየዓመቱ ለተማሪዎቼ የማስረዳው ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም።

ለማያውቀው ሰው፣ ስሌቱ ቀላል ነው። ክብደት በኪሎ ግራም ተወስዶ በሜትር ለተለካው ቁመት ካሬ ይካፈላል። ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 58 ኪሎ የሆነ ሰው 58ን ለ2.89 ሲያካፍል 20 ገደማ ያገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያስቀመጠው መለያ ደግሞ ይህ ነው፦ ከ18.5 በታች የክብደት ማነስ፣ ከ18.5 እስከ 24.9 ጤናማ፣ ከ25 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ውፍረት።

አሁን ወደ አማካዩ እንምጣ። ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ ልኬቶችን ያጠናቀረ ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ወንዶች አማካይ 24.2፣ የሴቶች 24.4 መድረሱን አሳይቷል። በ1975 ወንዶቹ 21.7፣ ሴቶቹ 22.1 ነበሩ። የኢትዮጵያ አማካይ ከ20 እስከ 21 ባለው ውስጥ ነው፤ የወንዶቻችን ቁጥር በዓለም ዝቅተኛ ከሚባሉት ይመደባል። እንግዲህ ያ 58 ኪሎ የሆነው ባልደረባዬ ከአገሩ ሰው ጋር እኩል ነው። ከዓለም ጋር እኩል ለመሆን 12 ኪሎ መጨመር አለበት። ለምን ይጨምር? የዓለም አማካይ እኮ ከ25 አፋፍ ላይ የቆመ ቁጥር ነው። በ2022 ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ሰዎች ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሆነዋል፤ ያንን አማካይ ወደ ላይ የሚጎትቱት እነርሱ ናቸው።

የእኛንም አማካይ ወደ ታች የሚጎትት አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶው፣ ከወንዶች 33 በመቶው ከ18.5 በታች ነበሩ። ከመጠን ያለፈ ክብደት ወይም ውፍረት ያለባቸው ግን ከሴቶች 8፣ ከወንዶች 3 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለዚህ "ከአገሬ ሰው ጋር እኩል ነኝ" የሚል ሰው ረኃብ፣ በሽታና ከባድ ሥራ ዝቅ ካደረጉት ቁጥር ጋር ነው እኩል የሆነው። በእኔ እምነት አንዱም አማካይ ለማንም ግብ ሊሆን አይገባም። እናንተስ? በተለይ በጤና ሥራ ላይ ያላችሁና ከገበሬ ቤት የወጣችሁ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።


ነርስ ከቡሬ

መምህር፣ ጥሩ አድርገው አነሡት። በጤና ጣቢያ ሚዛን ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ከሰው አንሻለሁ ወይ?" ብሎ ነው። እኔ የምጠይቀው ደግሞ "አምና በዚህ ጊዜ ስንት ነበርህ? ልብስህ ሰፍቶሃል ወይ? ቀበቶህን ስንተኛው ቀዳዳ ላይ ነው የምታስረው?" እያልሁ ነው።

ምክንያቱም ሁለት ሰዎች ይመጡብኛል። አንዱ ከልጅነቱ ቀጭን ነው፣ ቢኤምአዩ 18 ነው፣ ቀኑን ሙሉ ያርሳል፣ አይታመምም። ሌላው በጥቂት ወራት ውስጥ ከ24 ወደ 21 ወርዷል። ሰንጠረዡን ብቻ ካየን የመጀመሪያው ችግር አለበት፣ ሁለተኛው ጤናማ ነው፤ እንዲያውም ከአገር አማካይ በላይ ነው። እንቅልፍ የሚነሣኝ ግን ሁለተኛው ነው። ሳይፈልገው በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ከክብደቱ 5 በመቶ ያህል የቀነሰ ሰው መመርመር አለበት። 60 ኪሎ ለነበረ ሰው ይህ 3 ኪሎ ብቻ ነው። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ የሌሊት ላብ ካለ ስለ ሳንባ ነቀርሳ እናስባለን። ጥማትና ሽንት ከበዛ ስለ ስኳር እናስባለን።

ስኳርን ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጉዳዩ ስለሚያንገበግበኝ ነው። "ስኳር የወፍራም ሰው በሽታ ነው" የሚለው እምነት በገጠር ሰው እየጎዳ ነው። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በጎንደር በኩል ለብዙ ዓመታት በተደረጉ ጥናቶች ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ቀጫጭን፣ ድሃ የገጠር ሕሙማን በብዛት ታይተዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2025 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር ሕመም ራሱን የቻለ አምስተኛ ዓይነት አድርጎ ተቀብሎታል። እንግዲህ አንድ ገበሬ ቢኤምአዩ 17 ሆኖ መጥቶ "አገሩ ሁሉ ቀጭን ነው" ተብሎ ቢመለስ ምን ሊደርስበት እንደሚችል አስቡት።


የጣና ዳር (ባሕር ዳር)

መምህርንም ነርሷንም አከብራለሁ፤ ግን ማስተያየት ጥቅም የለውም የሚለውን አልቀበልም። እኔ 1.73 ሜትር ነኝ፣ 86 ኪሎ፤ ቢኤምአዬ 28.7 ነው። ሥራዬ ወንበር ላይ ነው። ባሕር ዳር ድሮ የብስክሌት ከተማ ነበረች፤ ዛሬ አንድ ፌርማታ ለማይሞላ መንገድ ባጃጅ እንጠራለን። ዘመድ ሲያገኘኝ "ፊትህ ሞላ፣ ተመችቶሃል" ይለኛል፤ ይህ በእኛ አገር ምርቃት ነው እንጂ ማስጠንቀቂያ አይደለም። ከኢትዮጵያ ወንዶች ከአብዛኞቹ በላይ መሆኔን በቁጥር ያየሁ ዕለት ነው ደንግጬ ለምርመራ የሄድሁት። የደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ተገኘ። አሁን ሕክምና ላይ ነኝ፣ በጠዋት በእግሬ እሄዳለሁ። ያ ማስተያያ ባይኖር ማን ያነቃኝ ነበር? የዓለም ጤና ድርጅት 25 ብሎ ያስቀመጠውን መስመር የሚያውቅ ሰው በሰፈራችን ስንት ነው?


የዳሞት መምህር

ወንድሜ፣ መመርመርህ እጅግ ደስ ብሎኛል። ግን ይህን አስብልኝ። በዚያው በ2014 ጥናት በፓሲፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች፣ በፖሊኔዥያና በማይክሮኔዥያ፣ የወንዶች አማካይ 29.2፣ የሴቶች 32.2 ነበር። አንተ እዚያ ተወልደህ ቢሆን ኖሮ በ28.7 "ከአገርህ አማካይ በታች ነህ" ተብለህ፣ ያንኑ የደም ግፊት ይዘህ በሰላም ትተኛ ነበር። ያነቃህ ጎረቤትህ ቀጭን መሆኑ ነው። በሽታው ግን ጎረቤትህን አይቶ አልመጣብህም።


የጣና ዳር

ይህ እውነት ነው፤ ደሴቶቹን አላሰብኋቸውም ነበር። ሆኖም ሰው ከቁጥር ይልቅ ሰው አይቶ ነው የሚነቃው። ያንን ጥበብ በሌላ መንገድ ልንጠቀምበት ይገባል እላለሁ።


የጮቄ ዳር ልጅ (ስናን)

እስካሁን ያልተነሣ ነገር ስላለ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ታገሡኝ።

ያደግሁት ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ገብስ፣ ድንችና እንግዶ በሚበቅልበት ደጋ ነው። በእኛ ዘንድ የሰው ክብደት ከወቅቱ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ከኅዳር እስከ ጥር እህል ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ፣ ሠርጉም ዝክሩም ሲበዛ፣ የሰው ፊት ይበራል። ከዚያ ሁዳዴ ይመጣል። ከሰኔ በኋላ ደግሞ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይወድቅብናል፤ ጎተራው ይሟጠጣል፣ ሥራው ይበረታል። እርሻው፣ ጉልጓሎው፣ አረሙ፣ ሁሉም በዝናብና በብርድ ነው። በነሐሴ ሚዛን ላይ የወጣ ገበሬና በጥር የወጣው ያው ሰው አንድ ዓይነት ቁጥር አያገኙም። ታዲያ "የጎጃም ገበሬ አማካይ" ሲባል የየትኛው ወር?

ሌላው ደግሞ ቤት ውስጥ ያለው ልዩነት ነው። በገበታ ላይ መጀመሪያ አባትና እንግዳ፣ ቀጥሎ ልጆች፣ መጨረሻ ላይ እናት ነው የሚበላው። እናቴ ሁላችንን አብልታ የተረፈውን ነበር የምትቀምሰው። ከምንጭ ውኃ የምትቀዳውም እርሷ ናት፣ እንጨት የምትሸከመውም፣ ጡት የምታጠባውም። ያደግሁበት ቤት አማካይ ቢሠራ ጤናማ የሚባል ቁጥር ይወጣ ነበር፤ በዚያ አማካይ ውስጥ ግን አባቴ ደንዳና ነበር፣ እናቴ አጥንቷ የሚቆጠር። አማካዩ እናቴን ይሸፍናታል። መምህር ሆይ፣ አገር አቀፍ ቁጥር ሲጠቀስ ሁልጊዜ የማስበው ይህንን ነው።

ቢኤምአይ ጉልበትንም አያውቅም። በስናን ቁልቁለትና አቀበት ድንች ተሸክሞ ገበያ የሚወጣ ሰው ክብደቱ ጡንቻና አጥንት ነው። ከተማ ውስጥ ያው ቁጥር ያለው ሰው ቀጭን እጅና እግር፣ ትንሽ ቦርጭ ይዞ ይገኛል። ማን ነው ጤነኛው?


ቁጥር ወዳድ (ደብረ ማርቆስ)

የጮቄው ወንድማችን ስለ ወቅት ያነሣው ከሚያስበው በላይ ትክክል ነው። መምህር የጠቀሱት የእ.ኤ.አ. 2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የመስክ ሥራ የተካሄደው ከጥር 9 እስከ ሰኔ 20 ቀን 2008 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 23 ላይ ስለዋለ ሁዳዴ በየካቲት መጨረሻ ገብቶ መላውን መጋቢትና አብዛኛውን ሚያዝያ ይዟል። በዚያ ላይ በኤልኒኞ የተነሣው ድርቅ አገሪቱን የመታው በዚያው ጊዜ ነው። ሚዛን ላይ ከወጡት ሰዎች ብዙዎቹ በጾም ውስጥ፣ የተወሰኑትም በድርቅ ውስጥ ነበሩ። ጥናቱ በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ቁጥሩን አልነቅፍም። ግን ቁጥሩ ጊዜ እንዳለው ማወቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ 33 በመቶ የሚለውን የወንዶች ቁጥር በጥንቃቄ እንመልከተው። ከ15 እስከ 19 ዓመት ያሉ ወጣቶች በውስጡ አሉ፤ የክብደት ማነስ ከሁሉም በላይ ጎልቶ የታየውም በእነርሱ ነው። እነዚህ ገና በማደግ ላይ ያሉ ልጆች ናቸው፤ 18.5 የሚለው የአዋቂ መስመር ለእነርሱ በትክክል አይሠራም። ስለዚህ "ከሦስት ኢትዮጵያዊ ወንድ አንዱ ተርቧል" ብሎ መጻፍ፣ በየጋዜጣው እንደማየው፣ ጥናቱ ያላለውን ማለት ነው።

ሦስተኛው ትንሽ ታሪክ ነው፤ ግን የመምህርን ጥያቄ ከሥሩ ይነካል። ይህን የቢኤምአይ ቀመር እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ያወጣው ቤልጅጋዊው የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ ነው። ሐኪም አልነበረም፤ ሰው ታሞ እንደሆነ ለማወቅም አላሰበም። የሚፈልገው "አማካይ ሰው" የሚለውን ነበር። አማካዩን ደግሞ እንደ ፍጹም አምሳያ፣ ከእርሱ መራቅን እንደ ጉድለት ነበር የሚያየው። ዛሬ በድረ ገጽ ላይ "ከአማካይ በታች ነህ" ሲባል የምንሸማቀቀው ያ ሐሳብ እስከ ዛሬ አብሮን ስላለ ነው። ቀመሩ ዛሬ የምናውቀውን ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካዊው ተመራማሪ አንሴል ኪስ ከ7 ሺህ በላይ ወንዶችን ከአምስት አገሮች ካጠና በኋላ ነው። ለሕዝብ ጥናት ይጠቅማል፣ ርካሽ ነው፣ ሚዛንና ሜትር ብቻ ይበቃዋል። አንድን ሰው ለብቻው ነጥሎ ለመፍረድ ግን አልተሠራም።


ከቢቸና የወጣሁ (ሚኒሶታ)

እኔ ከሁለቱም ወገን ስለምኖር ልናገር። እዚህ አሜሪካ የአዋቂዎች አማካይ ወደ 29 ይጠጋል፤ ከአሥሩ አራት የሚሆኑት ከ30 በላይ ናቸው። የእኔ ቢኤምአይ 27 ነው፤ በሥራ ቦታዬ "ቀጭኑ" እባላለሁ። ቢቸና ስገባ ደግሞ "ሰው ሆነህ መጣህ!" ተብዬ እታቀፋለሁ። አንድ ሰውነት ይዤ በአንዱ አገር ቀጭን፣ በሌላው ድንቅ ነኝ፤ ሐኪሜ ግን "የደም ስኳርህ ድንበር ላይ ነው፣ ክብደት ቀንስ" አለኝ።

ጥያቄ አለኝ። እዚህ ለእስያውያን መስመሩ ዝቅ ያለ ነው ይባላል። ለእኛስ ምን ተወስኗል?


ቁጥር ወዳድ

እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የጠራው የባለሙያዎች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ጽሑፍ ለእስያ ሕዝቦች 23ንና 27.5ን ተጨማሪ የጥንቃቄ ነጥቦች አድርጓል፤ ምክንያቱም በዝቅተኛ ቢኤምአይም ስኳርና የልብ ሕመም ይታይባቸዋል። ለኢትዮጵያውያን ተለይቶ የተቀመጠ መስመር ግን የለም፤ የምንጠቀመው ያንኑ 18.5ንና 25ን ነው።

አንድ ነገር ግን በጥናት የታወቀ አለ። እግሩ ረጅም፣ ደረቱና ወገቡ አጭር የሆነ ሰው ተመሳሳይ ስብ ይዞም ቢኤምአዩ ዝቅ ይላል፤ ምክንያቱም የሰውነት ክብደት በብዛት ያለው በግንዱ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ቆላማ አካባቢ ባሉ አርብቶ አደሮች ይህ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ በአንድ አገር ውስጥ እንኳ 18 ማለት ለአንዱ ረኃብ፣ ለሌላው ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል።


ሯጭ ነበርሁ (ደጀን)

እስቲ ይህን አስሉ። የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ቁመት 1.65 ሜትር፣ ክብደት 56 ኪሎ ተብሎ በሰፊው ይጠቀሳል። ቢኤምአዩ 20.6 ይመጣል፤ ልክ የአገራችን አማካይ ነው! በዓባይ በረሃ ዳር በድርቅ ዓመት የከሳ ገበሬም 20.6 ሊሆን ይችላል፣ ቀድሞ 23 ከነበረ። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ሰው። ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።


እናት ከሞጣ

ልጆቼ ስትጽፉ ሳነብ ቆየሁ። እኔ የምጠይቀው ስለ ልጄ ነው። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፣ አምስተኛ ወሯ ነው። ቁመቷ 1.58 ነው። ከማርገዟ በፊት 45 ኪሎ ነበረች፣ አሁን 50 ሆናለች። ወንድሟ በስልኩ አስልቶ "20 ነሽ፣ ልክ የኢትዮጵያ አማካይ፣ ምንም አትሁኚ" አላት። እኔ ግን ፊቷን ሳይ ልቤ አላረፈም። ቡናና ጥቂት ቂጣ በልታ ነው የምትውለው፤ አሁን ደግሞ ጾም ሊገባ ነው።


ነርስ ከቡሬ

እናቴ፣ ልብዎ ያላረፈው በከንቱ አይደለም። ወንድሟን አይቆጡት፤ ያሰበው ለደጉ ነው። ግን በእርግዝና ጊዜ ያለ ክብደት ለቢኤምአይ አይሰላም። ሕፃኑ፣ እንግዴ ልጁ፣ የሽርት ውኃው፣ የጨመረው ደም፣ ሁሉም በዚያ 50 ኪሎ ውስጥ አለ። መሰላት ያለበት የቀድሞው 45 ኪሎ ነው፤ ያ ደግሞ 18 ይሆናል፣ ከመስመሩ በታች ማለት ነው። ቀጭን ሆና ያረገዘች እናት ክብደቱ ያነሰ ሕፃን የመውለድ ዕድሏ ከፍ ይላል። በዓለም አቀፍ መመሪያዎች ከ18.5 በታች ሆና ላረገዘች ሴት በእርግዝናው ዘመን በጠቅላላ ከ12.5 እስከ 18 ኪሎ መጨመር ይመከራል። እስካሁን 5 ጨምራለች፤ ተስፋ አስቆራጭ አይደለም፤ ነገር ግን ከአሁን በኋላ ያሉት ወራት ከበድ ያሉ ናቸው።

ቅርብዎ ያለው ጤና ኬላ ይውሰዷት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የግራ ክንዷን ዙሪያ በመለኪያው ትለካታለች። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የምግብ እጥረት ምልክት ነው፤ ወደ ክትትል መግባት አለባት። ክንድ በእርግዝና ብዙ ስለማይለወጥ ለዚህ ከሚዛን ይሻላል። የእርግዝና ክትትሏን ካልጀመረች በዚያው ቀን ይጀመር፤ የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብሉም እዚያው ይሰጣታል።

ስለ ጾሙ፣ የንስሐ አባቷን ያነጋግሩ። ነፍሰ ጡርንና ሕመምተኛን ቤተ ክርስቲያን እንደ አቅሟ ታያለች፤ ብዙ አባቶች ራሳቸው ይፈቅዳሉ፤ ከባዱ ነገር የልጆቻችን ይሉኝታ ነው። የጾም ምግብ ይሁን ካለችም ድርሻዋ ይጨመርላት፦ ሽሮው ወፈር ይበል፣ ምስርና ሽምብራ ይኑር፣ ኑግና ተልባ ይግባበት። አንድ ገበታ ትጨምር፤ ከቁርስ በፊት ባዶ ሆድ ላይ ቡና አይሁን፤ ቡና በምግብ ሰዓት ሲጠጣ ብረትን ስለሚቀንስባት ከምግብ ይራቅ።


የጮቄ ዳር ልጅ

እናቴ፣ የሞጣ ሰው ቢሆኑም እንደ እናቴ ነው ያየሁዎት። ልጅዎ ከሁሉም በኋላ እንዳትበላ ይጠብቋት። አብራችሁ በአንድ ገበታ ብሉ።


የጣና ዳር

ነርስ እህቴ፣ ለእኔ ዓይነቱስ? ሚዛኑን ልከታተል ወይስ ሌላ መለኪያ አለ?


ነርስ ከቡሬ

ወገብህን ለካ። በእምብርትህ ደረጃ፣ ተንፍሰህ፣ ሆድህን ሳትስብ። ለወንድ 94 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ስጋቱ ይጀምራል፤ 102 ሲያልፍ ከፍ ይላል። ለሴት 80ና 88 ናቸው። ሰንጠረዡ ባይታወስህ አንድ ቀላል ነገር አለ፦ ወገብህ ከቁመትህ ግማሽ አይብለጥ። ያንተ ግማሽ 86.5 ነው። ቦርጭ ላይ የተከማቸ ስብ በጭንና በዳሌ ካለው ይልቅ ለደም ግፊትና ለስኳር የቀረበ ነው። ለዚህ ነው ቢኤምአዩ 23 የሆነ፣ ቦርጩ ግን የገፋ ሰው ላይ ስጋት የሚያድርብኝ።

መምህርም አንድ ነገር ልበልዎ። የባልደረባዎ 20 በራሱ መጥፎ ቁጥር አይደለም። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተተ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ሲጋራ በማያጨሱና ሥር የሰደደ ሕመም በሌለባቸው ሰዎች ዝቅተኛው የሞት ስጋት ከ20 እስከ 25 ባለው ውስጥ መሆኑን አሳይቷል። እዚያ ጥናት ውስጥ የአፍሪካ ሰው እዚህ ግባ የሚባል ድርሻ የለውም፤ ያንን ማስታወስ ይገባል። ግን ባልደረባዎ በደንብ ከበላ፣ ካልታመመና ክብደቱ ለዓመታት እንደዚያው ከሆነ 12 ኪሎ ፍለጋ አይሂድ። እራት የተወው ባልደረባዎ ቢኤምአይ ደግሞ ስንት ነበረ?


የዳሞት መምህር

እራት የተወው 22 ነው። ከአገር አማካይ በላይ ተብሎ ነው የደነገጠው።


ነርስ ከቡሬ

እራቱን ይብላ። 22 ከሁሉም መስመር ውስጥ ነው። የሚቀንሰው ነገር የለም።


የዳሞት መምህር

እነግረዋለሁ፤ ይህን ውይይትም አሳየዋለሁ። ሌላ ሐሳብ አለኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል ስታቲስቲክስ ስናስተምር ተማሪዎች የክፍላቸውን ቁመትና ክብደት ለክተው አማካይና ልይይት (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ) ቢያወጡ፣ አማካይ ምን እንደሚሸፍን በዓይናቸው ያዩት ነበር። ምን ትላላችሁ?


ቁጥር ወዳድ

ትምህርቱ ድንቅ ነው፤ አንድ ማስተካከያ ይደረግበት። ተማሪዎችዎ ከ19 ዓመት በታች ስለሆኑ 18.5ንና 25ን አይጠቀሙ። ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው በዕድሜና በጾታ የተከፈለ ሰንጠረዥ አለ። በእርሱ ይሥሩ።


ነርስ ከቡሬ

ስምም አይጻፍ። ክብደት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲወጣ ቀጭኗም ወፍራሟም ልጅ ይሰቃያሉ። ቢቻል ቁመት ብቻ ለክተው አማካዩን ያስተምሩ፤ ክብደቱን እያንዳንዱ ለራሱ በወረቀት ይዞ ይሂድ። አንዱ ተማሪ በጣም ከስቶ ካዩት ለብቻው ጠርተው ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩልን።

ለሁሉም፦ ሚዛኑ የሚቀመጠው ሲሚንቶ ላይ ነው፣ አፈር ላይ ወይም ምንጣፍ ላይ አይደለም። ጫማ፣ ካፖርት፣ ጋቢ ይውለቅ። ጠዋት ይሁን፤ ሁልጊዜም በአንድ ሚዛን። ቁመት ሲለካ ተረከዝና ጀርባ ግድግዳ ይንካ። በቁመት ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ስሕተት ቢኖር ቢኤምአይ በግማሽ ነጥብ ያህል ይዛባል፤ በመስመሩ ዳር ላለ ሰው ያ ብዙ ነው።


የጮቄ ዳር ልጅ

እናቴን በጥር አስለክቼ በነሐሴ እደግመዋለሁ። ቀበሌያችን ውስጥ ጤና ኬላ አለ፤ ሁለቱንም ቁጥር እዚሁ እጽፋለሁ።


እናት ከሞጣ

ልጄን ወሰድኋት። ክንዷ 22 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ባለሙያዋ መዝግባታለች፣ እንክብሉንም ሰጥታታለች፣ በወሩ ተመለሱ ብላናለች። የንስሐ አባቷም ፈቅደዋል። እርጎና እንቁላል ጀምራለች፤ ወተት ግን ያስመልሳታል።


ነርስ ከቡሬ

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናቴ። ወተቱን አያስገድዷት፤ እርጎው ይበቃል። በወሩ ስትመለስ ክብደቷም ክንዷም በዚያው ሚዛን፣ በዚያው መለኪያ ይለካ፤ ካርዷ ላይ ይጻፍላችሁ። አሁን ካለችበት በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል ከጨመረች ጥሩ ነው። ራስ ምታት ከበረታባት፣ ፊቷና እጇ ካበጠ፣ ዓይኗ ከጨለመባት ወይም ደም ካየች ግን ወሩን ሳትጠብቁ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ውሰዷት።